እርፉን እንዳትሰጭው

በንፋስ መውጫ የቀበሌያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ «የሴቶች እኩልነት በትግላችን ይረጋገጣል!» የሚል መፈክር በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። ያጻፉት ሊቀመንበሩ ናቸው። እኔን አስጠርተው «ሁለተኛ ሴት ስታርስ እንዳላይ» ያሉኝም እዚያው መፈክር ሥር ቆመው ነው።

ያረስኩት መድረክ ላይ ነበር። ያኔ ተማሪና የቀበሌው የኪነት ቡድን አባል ነበርኩ። የአማርኛ መምህራችን በጻፉት ቲያትር ውስጥ ባሏ የዘመተባት ሴት ሆኜ እጫወታለሁ። ሰኔ ይገባል፤ ሴትዮዋ ጎረቤቶቿን እረሱልኝ ብላ ትለምናለች፤ እነሱ ዛሬ ነገ ይሏታል። በመጨረሻ በሬዎቿን ጠምዳ ራሷ ታርሳለች፤ ቲያትሩም እርፍ እንደጨበጠች ያልቃል። በአገራችን ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ጓል ትሰብራለች። እርፍ ግን አትጨብጥም፤ ከጨበጠች በረከት ይሸሻል ይባላል። ጓል ስትሰብር ለምን እንደማይሸሽ የነገረኝ ሰው የለም።

በመጀመሪያው ቀን እርፉን ገና ከመጨበጤ ወንዶቹ አዳራሹን ቀወጡት። «ሱሪ ስጧት!» «ወንድ አለቀ ወይ?» አንዱ ከኋላ ቆሎ በተነብን። በሬ ሆነው የተጠመዱት ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ቀንበሩን ጥለው ሊወጡ ሲሉ «ቁሙ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ መፍትሔ ይዘው መጡ። «የባሏ ወንድም ይግባና እርፉን ይቀበላት። እሷ ምሳ ታቅርብ።»

መምህራችን «እሺ ጓድ» አሉ። በዚያ ዘመን እምቢ ማለት የሚያስከፍለውን ስለማውቅ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«ታዲያ ቲያትሩ ስለ ማን ሊሆን ነው?» አልኩ።

«ስለ አብዮቱ!» አሉኝ። «ደስ ካላለሽ ቦታሽን የምትፈልግ ሞልታለች።»

ቦታዬን እወደው ነበር። በዚያ ከተማ ቆሜ ስናገር ሰው የሚሰማኝ እዚያ ብቻ ነበር። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

ቀጣዩ ትርኢት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ በገበያው ቀን ሆነ። ሞፈርና ቀንበር ከዚያው እንዋሳለን ብለን በጭነት መኪና ወረድን፤ ሊቀመንበሩም አብረውን አሉ። ወሬው ለካ ቀድሞናል። የጠየቅነው ገበሬ ሁሉ ፊቱን አዞረብን። «ሴት የነካችውን ሞፈር ምን ላደርገው?» አለን አንዱ።

ተስፋ ቆርጠን መኪናው ጥላ ሥር እንደተቀመጥን አንዲት ሴት ሞፈር ከነእርፉ፣ ቀንበርም ጭምር ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ገበያተኛውን «ዞር በሉ» እያለች መጣች።

«ቲያትረኛዋ ማናት?»

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

ዕቃውን እግሬ ሥር አወረደችው። «የባለቤቴ ነው። እሱ ከዘመተ ወዲህ፣ ጎረቤት ሳያየኝ ጎህ ሲቀድ የማርስበት እኔ ነኝ። አንቺ በጠራራ ፀሐይ እረሽበት።»

ከዚያ በኋላ ያን እርፍ ለማንም አሳልፌ እንዴት እንደምሰጥ ማሰብ ከበደኝ።

ሜዳው ላይ ተጫወትን። ወንዶቹ እንደለመዱት ጮኹ፤ ሴቶቹ ቅቤና ገብሳቸውን ትተው ፊት ለፊት ቆሙ። ማረስ እንደጀመርኩ የባሌ ወንድም ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ገባና እጁን ዘረጋ።

«እኔ እያለሁልሽ! አምጪው እርፉን።»

እኔ «ክበርልኝ» ብዬ መልቀቅ ነበረብኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

«እንዳትሰጭው!» አለች አንዲት ቅቤ ሻጭ።

«እስካሁን የት ነበርክ አንተ?» አለች ሌላዋ።

ልጁ ደነገጠ። «ታምሜ ነበር» አለ፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «እንዳትሰጭው! እንዳትሰጭው!» የሚለው ድምፅ ከዳር ዳር ሆነ፤ የወንዶቹ ጩኸት ተዋጠ።

ሊቀመንበሩን አየኋቸው። ዓይናቸው ይዝትብኛል። እርፉን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና ለልጁ «ሂድና ምሳ አቅርብ!» አልኩት። በሬዎቼም ሳይነገራቸው ተንቀሳቀሱ፤ በእልልታው መሃል ሜዳውን ዞርነው።

ሲያበቃ ሊቀመንበሩ «ከዛሬ ጀምሮ ከኪነቱ ወጥተሻል» አሉኝ። አለቀስኩ፤ ነገር ግን እንደገና ቢሆንም እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ሴትዮዋ ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ፣ ሰው እያየ ስለነበር ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን አለሳልሰው «አንድ ወንድ ተሸክሞ ያድርስልሽ» አሏት።

«ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ሞፈሩን ወደ ትከሻዋ እያወጣች። ከዚያ ወደ ገበያተኛው ዞራ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ሰኞ ረፋዱ ላይ እጠምዳለሁ። ማየት የፈለገ ይምጣ!»