አበራሽ የምትሸሸው ቤት

ከሸማ ተራ ሰባተኛ ሰፈር ለመድረስ ለጤነኛ እግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አበራሽ ግን ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት ትሄዳለች። ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ስንነግድ፣ እሷ ነጠላ እኔ ጋቢ፣ አንድም ቀን በቀጥታው መንገድ ስታልፍ አላየኋትም። ሸክም ቢኖርባት፣ ዝናብ ቢደበድባት፣ በምን አለሽ ተራ በኩል በቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ መሃል ዞራ ነው የምትሄደው። ምክንያቱን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው።

በቀጥታው መንገድ ላይ አንድ የድሮ ጠጅ ቤት አለ። አበራሽ ወደ ነጠላ ንግድ ከመግባቷ በፊት እዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ጠጅ ቀድታለች። ልጇን መቅደላዊትን የወለደችውም እዚያው እያገለገለች ነው። የልጅቱ አባት ሹፌር ነበር፤ መኪና ተገልብጦበት ሳያያት ሞተ። ሰው ግን ስለ ጠጅ ቀጂ ሴት የሚያወራው የታወቀ ነው፤ ባል ነበረኝ ብትል ማን ያምናታል? ስለዚህ ልጇን “ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ነጠላ ነው የሸጥኩት” ብላ አሳደገቻት። እኔንም አስማለችኝ።

“ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ፣ ሙሚና። የእኔ ስም ከነቃ የልጄም ይነቃል” ትለኝ ነበር። እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ወላሂ እያልኩ ስምል ኖርኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ዘንድሮ መቅደላዊት ታጨች። እጮኛዋ ብሥራት የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው የጋሽ ሀብተ ወልድ ልጅ ነው። ሽማግሌ መጣ፣ እሺ ተባለ፤ ከዚያ ጋሽ ሀብተ ወልድ ሁለቱ ቤተሰብ አንድ ማዕድ እንዲቆርስ ብለው የእሑድ ምሳ ጋበዙ። የት እንደሆነ ሲነገራት አበራሽ የምታጥፈው ነጠላ ከእጇ ወደቀ። ያ ጠጅ ቤት ታድሶ ትልቅ ሬስቶራንት ሆኗል፤ ቦታ የሚያዘው ከሳምንት በፊት ነው አሉ።

“አሟታል በያቸው” አለችኝ።

“በልጅሽ ምሳ? ምን ሊሉ ነው?” አልኳት። እኔም ደንግጫለሁ፤ ግን መቅረቷ ይብሳል። እንደ እህት ሆኜ አብሬያት ሄድኩ።

በሩ ላይ ስንደርስ እኔን አስቀድማ ገባች። እኔ ቤቱን ከውጭ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ውስጡን ሳይ አፌን መግጠም አቃተኝ። ጭዱ የሚታየው የጭቃ ግድግዳ ሳይለሰን በመስታወት ተሸፍኖ መብራት በርቶበታል። እኛ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ በመጋረጃ የምንሸፍነውን ግድግዳ! ሰካራም ሲደገፈው የኖረው ምሰሶ በቫርኒሽ ያብረቀርቃል። አስተናጋጆቹ ልጃገረዶች የድሮ ቀጂ ልብስ ለብሰዋል፣ መቀነቱ ሳይቀር።

“ጋኖቹ የነበሩት እዚያ ነው” አለች አበራሽ በጆሮዬ፣ በአገጯ ወደ እጅ መታጠቢያው እያመለከተች።

ጋሽ ሀብተ ወልድ ደስ ብሏቸው ተቀበሉን። “እትዬ አበራሽ፣ ይሄ ቤት እኮ ታሪክ ነው። አባቴም እዚህ ጠጥተዋል” አሉና ፊቷን ትክ ብለው አዩ። አበራሽ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ሳበችና “እሰማለሁ” ብቻ አለች።

እነሱ ክትፎ አዘዙ፣ እኔ ዓሣ። ብሥራትና መቅደላዊት ስለ ሠርጉ አዳራሽ ይጫወታሉ፤ ነገሩ ሁሉ ሰላም መስሎኝ መብላት ጀመርኩ። ያኔ ጠጁ መጣ።

ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። የአበራሽ ልማድ ክፉ አልነበረም፤ ከማዕድ ግን አጋለጣት። ብርሌውን አነሳች፣ ግራ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች። ቀጂ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት እንዲህ ታደርጋለች፤ እኔ ያልቀመስኩትን አላጠጣህም ማለቷ ነው። ማንም ሳያያት ብርሌውን ብታስቀምጠው ያልፍ ነበር። ግን ፊቷ ተለወጠ። ጋሽ ሀብተ ወልድ ብርሌያቸውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ክንዳቸውን ያዘችው።

“አይጠጡት። የስኳር ነው። ማር አልነካውም፣ ቢጫው ቀለም ነው። ነገ ራስዎን ይፈልጥዎታል።”

ሥራ አስኪያጁ ሰምቶ መጣ። “እናቴ፣ የእኛ ጠጅ ንጹሕ የማር ነው” አለ ፈገግ ብሎ። “እርስዎ በምን አወቁት?”

አበራሽ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

“እዚሁ ቤት ዘጠኝ ዓመት ቀድቻለሁ። የእኔ አሠሪ ስኳር ከምትጨምር ቤቱን ብትዘጋ ትመርጥ ነበር። ታሪክ ብላችሁ ጭቃውን በመስታወት ሸፈናችሁት፤ በጠጁ ግን ዋሻችሁ።”

ሰውየው ብርሌዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። የልጅሽን ሠርግ በአንድ ጠብታ ጠጅ አፈረስሽው አልኩ በሆዴ። ምን እንደተናገረች ለእሷም ገና ያኔ ነው የገባት።

“ጋሽ ሀብተ ወልድ፣ ልጄ አታውቅም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። በእሷ አይፍረዱ።”

ጋሽ ሀብተ ወልድ ወደ መቅደላዊት ዞሩ። እኔም ዞርኩ። ልጅቱ አልደነገጠችም፤ እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

“እማዬ፣ አውቃለሁ” አለች። “ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው ያወቅኩት። የሰፈር ልጆች የጠጅ ቀጂዋ ልጅ እያሉ ይጠሩኝ ነበር። እንዳታፍሪ ብዬ አልነገርኩሽም። ለብሥራት ደግሞ ገና ሽማግሌ ሳይልክ ነግሬዋለሁ።”

“እሱም ለእኔ ነገረኝ” አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እዚህ የጋበዝኩዎት ለዚሁ ነው። ቤቱ ተከብሮ ሲያዩ ደስ ይልዎታል፣ የድሮውን ራስዎ ያጫውቱናል ብዬ ነበር። ሳላስብ አስጨነቅኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ።”

ሰፈሩ የሚያውቀውን፣ ልጅቱ የምታውቀውን፣ አማቹ የሚያውቀውን ነገር እኔ ስንት ጊዜ በፈጣሪ ስም ምዬበታለሁ! ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅኩም። አበራሽ የተቀየመች መስሎኝ አየኋት። እሷ እኔንም ጋሽ ሀብተ ወልድንም አላየችም።

“ሁለተኛ ክፍል?” አለች ልጇን። “ስምንት ዓመትሽ ነበር።”

“አዎ፣ እማዬ።”

“እና ሲሰድቡሽ፣ ያኔ፣ ማን ዘንድ ሄደሽ አለቀስሽ?”

መቅደላዊት አቀረቀረች። የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ዓይኗን ጠረገችበት።