ወንድሜ ያዘዘው ሰላምታ

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ኮምፒውተሩን የከፈትኩት አባቴ ስላዘዘኝ ነው። «ከብት ነጋዴዎቹ መሞቱን አልሰሙም» አለኝ። «ንገራቸው፤ አውፍ ይበሉት።»

እኛ ዘንድ ሰው ሲቀበር፣ ያስቀየመው ሰው ካለ ይቅር እንዲለው ይጠየቃል። የከሚሴ ሰው ቀብሩ ላይ አውፍ ብሎታል። ከአፋር ሰንበቴ ገበያ ድረስ ከብት የሚነዱት ግን አልነበሩም። ስልካቸው ያለው ወንድሜ በሠራው ፕሮግራም ውስጥ ነው። በገበያው ዋዜማ ሰላምታና የከብት ዋጋ ይልክላቸው ነበር።

ፕሮግራሙን ያስቀመጠው ኮንቴይነር በሚሉት ነገር ውስጥ ነው። ከነሚያስፈልገው አሽጎ ይይዘዋል። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ እንጂ ይህን አልተማርኩም። ውስጡን ልየው ብዬ አስነሳሁት።

እናቴ ስልኳን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ለሙከራ ብሎ የእሷንም ቁጥር አስገብቶ ኖሯል። «አሰላሙ አለይኩም፣ እኔ ነኝ። ነገ ገበያ እንገናኝ ኢንሻአላህ» ይላል የደረሳት መልእክት።

«ኢልመ ኮ» አለች። ልጄ ማለቷ ነው። «ማነው የላከው?»

 ደሴ ላለው፣ ፕሮግራም ለሚሠራው የወንድሜ ጓደኛ ደወልኩና የሆነውን ነገርኩት።

«አንተ ደግሞ! በር አንኳኩተህ ባለቤቱ ሲወጣ ትደነግጣለህ?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «ወላሂ... ከአፌ አምልጦኝ ነው።»

ከዚያ አስረዳኝ። «ምንም ሳትጨምር ካስነሳኸው መጀመሪያ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ከኮንቴይነሩ ስም ቀጥለህ የራስህን ትእዛዝ ጻፍ። ያኔ ያንተን ይሠራል። የጻፍከውን መልእክት ለሁሉም የሚልክ ትእዛዝም ውስጡ አለ።»

«የእሱ ይጠፋል?»

«አይጠፋም። ለአሁኑ ብቻ ነው የሚታለፈው።»

ትእዛዙን ከስሙ ቀጥዬ ጻፍኩ። ከዚያ መልእክቱን፦ «የከብት ዋጋ ይልክላችሁ የነበረው ወንድሜ ወደ አኼራ ሄዷል። ያስቀየማችሁ ካለ አውፍ በሉት።» «ሄዷል» የሚለውን አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት። ላክሁ።

የእናቴ ስልክ ጮኸ። አነበበችውና አጠገቤ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ወደ ወንድሜ ስልክ የደወለው አንድ የአፋር ነጋዴ ነው። «አሁን ሰላም ብሎኝ አልነበር?» አለ። የቀድሞ ትእዛዙ እንደሆነ ነገርኩት። 

«አውፍ ብዬዋለሁ» አለ። «እኔም አንዴ ገበያ መሀል ተቆጥቼዋለሁ። እኔን ማን አውፍ ይለኛል?»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«እኔ ብዬሃለሁ፣ ልጄ» አለችው።