ፕሮግራሙ ያላንኳኳው በር

ትምህርት የጀመርኩት ልጆቼን ትምህርት ቤት ካስገባሁ በኋላ ነው፤ ሳላነብ ቁልፍ አልነካም። የአዲሱንም ፕሮግራም መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በራሱ ኔትወርኩን እየዞረ፣ አድራሻ ባድራሻ እያንኳኳ፣ ያገኘውን ኮምፒውተርና ማተሚያ ሁሉ ይመዘግባል። ከየት እስከ የት እንደሚሄድ ግን የሚነግረው ሰው ነው።

ከሚሴ ያለው መሥሪያ ቤታችን ምድር ቤቱን ይዟል። ፎቁ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ የኔትወርኩ መስመር ግን የጋራ ነው። ምድር ቤቱን ብቻ ልወስን ስል ኃላፊዬ ከኋላዬ ቆሙ።

«ፎቅ ያሉትስ?»

«አልጨመርኳቸውም፣ ጋሼ።»

«ጎረቤት ጥሎ ድግስ አለ እንዴ? ነገ ሲሰሙ ምን ይሉናል! ጨምሪ፣ ጨምሪ። ለልጄ ሰርግ የጨፋን ሰው በሙሉ የጠራሁ ሰው ነኝ እኔ!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ቀደም ሲል ለሙከራ ሳስጀምረው አሮጌው ማተሚያችን ማንም ሳያዘው ወረቀት ሲተፋ አይቻለሁ። ፎቅ ላይ ደግሞ ከሱ የባሰ ያረጀ የጣት አሻራ መቀበያ አለ። ደረጃው ከባቲ ድረስ በመጡ መታወቂያ ፈላጊዎች ተሞልቷል። ማሽኑ ሲንኳኳ ቀጥ ቢል ሁሉም ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ነው።

«ጋሼ፣ ሰው ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ ከደጅ ይጣራሉ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እንግዲያ ሂጂና ተጣሪያ!»

ፎቅ ወጣሁ። «አሰላሙ አለይኩም፣ ቤቶች!»

የፎቁ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሰልፉ ወዲያ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ወአለይኩም ሰላም። አከም፣ ደህና ነሽ? ምነው እታለም፣ መታወቂያ ጠፋብሽ?»

የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ሌላውን ሁሉ አንኳኪ፣ ፈቅጃለሁ። ይችን ማሽን ግን ዛሬ የነካ፣ ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ ሰው አጅቦ ባቲ ያድርስልኝ!»

«እኔን ደግሞ አዝሎ!» አሉ ተራ የደረሳቸው አንዲት አሮጊት። ደረጃው በሳቅ ተናጋ።

ወርጄ የምድሩንም የፎቁንም ክልል ጻፍኩ፤ የማሽኗን አድራሻ ግን ነቅሼ አወጣሁ። ደግሜ አየሁና አስጀመርኩት። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ደረጃው ላይ። ስም ይጠራል፤ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ስም ይጠራል። ሰልፉ አልቆመም።

ፕሮግራሙ ሲጨርስ ኃላፊዬ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «አንድ አድራሻ ጎደለሳ!»

«እሱን ሰዎቹ ሲጨርሱ እኔው አይቼ እጨምረዋለሁ።»

ኃላፊዬ ሊናገሩ ሲሉ፣ አሮጊቷ የመታወቂያ ወረቀታቸውን በሻርፓቸው ጫፍ እየቋጠሩ፣ ግድግዳ ተደግፈው ሲወርዱ ታዩ። ኃላፊዬ ሄደው የአሮጊቷን ክንድ ያዙ። ወደ እኔ ዞረውም፣

«አብሽሪ፣ ይጉደል» አሉኝ። «ይጉደል።»