የጋሽ ዘለቀ ማዳመጫ

በጉለሌ ከእኔ በፊት ሬዲዮ የሚጠግን አልነበረም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ከእኔ የተሻለ ግን አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። የተማርኩት ከተበላሸ ዕቃ ነው። ዲፕሎማቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰዎች አቅቷቸው የላኩልኝን ቴፕና ቴሌቪዥን በዚህች ጠባብ ሱቄ ውስጥ አናግሬ መልሻለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው አንባቢ ወሬውን ከማን እንደሚሰማ እንዲያውቅ ነው።

ሰሞኑን አንድ ወጣት በእጁ የሠራውን ባለቫልቭ አምፕሊፋየር ይዞ መጣ። ቫልቭ ማለት ያ ትንሽ አምፖል የሚመስለው፣ ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት ሬዲዮ ሁሉ ይሠራበት የነበረው ብርጭቆ ነው። «ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው እምም ይላል፣ ደግሞም አንዱ ጎን ከሌላው ይጮኻል» አለኝ። ሰካሁት። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ክር ቀስ ብሎ ቀላ፤ ላዩ ላይ ያረፈው አቧራም ሞቀና ሸተተ። ያንን የተቃጠለ አቧራና የሞቀ ቫርኒሽ ሽታ ካሸተትኩት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። እጄ ሥራውን ሲጀምር ልቤ ጋሽ ዘለቀ ቤት ገብቶ ተቀምጦ ነበር።

ጋሽ ዘለቀ ሸማኔ ነበሩ። ቤታቸው ወደ ቁስቋም ከሚያወጣው መንገድ ዝቅ ብሎ ከእኛ አጥር ጋር የተያያዘ የጭቃ ቤት ነው። እግራቸውን የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ከተው፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ሲሠሩ መወርወሪያቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍና ማጉን ሲያጠብቁት የሚሰማው ምት እስከ እኛ ምድጃ ይደርስ ነበር። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች በደጃቸው ሲያልፉ የባሕር ዛፉ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ይቆያል። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሲስቁ እንኳ ትከሻቸው ነው የሚስቀው።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ አሰፋ የሚባል። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ለውትድርና መልምሎ ወደ ሰሜን ላከውና ወሬው ጠፋ። ሞተም ዳነም የሚል ሰው አልተገኘም። ያን ጊዜ ከወዲያኛው ወገን፣ ከአማፅያኑ፣ የሚተላለፍ ሬዲዮ ነበር፤ አመሻሽ ላይ የተማረኩ ወታደሮችን ስም ያነባል። እሱን ሲያዳምጥ የተያዘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁሉም ያውቃል። ከጋሽ ዘለቀ ግድግዳ ወዲያ ደግሞ የሚኖረው የአብዮት ጥበቃ ጓድ አባል ነው። ሲያስነጥስ ይሰማቸዋል።

እንግዲህ ጋሽ ዘለቀ ድምፁ ከግድግዳ የማያልፍ ማዳመጫ ፈልገው ወደ እኔ መጡ። ገና ድምፄ ያልጎረነነ ልጅ ነበርኩ፤ ግን የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ከፍቼ ገጥሜያለሁ። ከአሮጌ የጣሊያን ሬዲዮ ሁለት ቫልቭ አወጣሁ፤ ከምናለሽ ተራ የተገኘ የወታደር ማዳመጫ ነበረኝ። ከሬዲዮአቸው ጋር የሚያያዝ አምፕሊፋየር ሠራሁላቸው፣ ለእያንዳንዱ ጆሮ አንዳንድ ቫልቭ። የማዳመጫውን ቅስት ፈትቼ ለሁለት ከፈልኩት፦ አንዱ ለጋሽ ዘለቀ፣ አንዱ ለባለቤታቸው ለእትዬ ጌጤ። እትዬ ጌጤ አንደበታቸው ስለታም ነው። ባልሽ ያዳምጥልሽ ቢባሉ፣ «እሱ ክፉ ወሬ ቢሰማ ይደብቀኛል፤ በራሴ ጆሮ ነው የምሰማው» አሉና ነገሩ በዚሁ አለቀ።

የመጀመሪያው ችግር ጉርምርምታው ነበር። ስም አንባቢው «ወታደር» ሲል ይሰማል፣ ስሙ ላይ ሲደርስ እምምታው ይውጠዋል። የሬዲዮውን ሽቦ ነቀልኩት፤ ጉርምርምታው አልጠፋም። ስለዚህ ከራሱ ከአምፕሊፋየሩ ነው ማለት ነው። የኤሌክትሪኩን መንቀጥቀጥ የሚያለሰልሰው ኮንደንሰር ላይ ሌላ ደህና ኮንደንሰር ደርቤ ነካሁበት፤ ግማሹ ጠፋ። አሮጌው ደርቆ ኖሯል። ቀይሬው፣ ቫልቮቹን የሚያሞቁትን ሁለት ሽቦዎች እንደ ገመድ ገምጄ ከድምፅ መግቢያው ሽቦ አራቅኳቸው። ጸጥ አለ። ይህን ማንም አላሳየኝም።

ከዚያ በኋላ ግን እትዬ ጌጤ «የኔ ጎን ደካማ ነው» ማለት ጀመሩ። ሁለቱን ቫልቮች አለዋወጥኳቸው፤ «አሁንም የኔው ነው ደካማው» አሉ። ማዳመጫዎቹን ብለዋውጥም ያው ነው። በኔ ጆሮ ሁለቱም እኩል ናቸው። ከሳጥኑ ጀርባ ለየጆሮው አንዳንድ፣ በቢላ ጫፍ የሚዞር የድምፅ ማስተካከያ አድርጌ ነበር፤ እኩል አድርጌያቸው ሄድኩ። ስመለስ የእትዬ ጌጤ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የጋሽ ዘለቀ ሊዘጋ ደርሷል። ሙቀቱ ነው ብዬ እኩል አደረግኩና በሻማ ሰም አሸግኩት። ደግሜ ስመጣ ሰሙ ተልጧል። እትዬ ጌጤም በሰፈሩ ፊት፣ «ይሄ ኢንጂነራችን ለባሌ ሰጥቶ እኔን ከለከለኝ፤ አንድ ጆሮ ያለው ማሽን ነው የሠራው» እያሉ አሳቁብኝ። ባለአንድ ጆሮ ኢንጂነር የሚል ስም ወጣልኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን እትዬ ጌጤ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ በር ሳላንኳኳ ገባሁ። ጋሽ ዘለቀ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሰሙን በቢላ እየፋቁ ነው።

«እርስዎ ነዎት እንዴ የሚያበላሹት?» አልኳቸው።

አልደነገጡም። በሩን እንድዘጋው በእጃቸው አሳዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጆሮዋ እየደከመ ነው ልጄ። ይህን ካወቀች የልጄ ስም ተጠርቶ አልፎኛል ትላለች፤ ከዚያ አትነሳም። እሷ ማሽኑ ነው ትላለች። ማሽኑ ይሁን» አሉኝ።

የራሳቸውን ለምን እንደዘጉት ጠየቅኳቸው። የኔው ሲቀነስ ለሷ ይጨመርላታል ብለው ነበር፤ ድምፁ እንደ ቦይ ውኃ ከአንዱ ሲዘጋ ወደ ሌላው የሚሄድ መስሏቸው። እንደዚያ አይደለም።

«ታዲያ እርስዎ በዚህ ምን ይሰማሉ?» አልኩ።

«እኔ ፊቷን አያለሁ።»

ያን ቀን የሠራሁትን ሥራ ከሥራዎቼ ሁሉ አስበልጣለሁ። ሳጥኑን ከፈትኩና የሁለቱንም ቫልቭ ኃይል አጣምሬ ወደ እትዬ ጌጤ ማዳመጫ መራሁት። ለጋሽ ዘለቀ የቀረላቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው። እሳቸው የመሰላቸውን ነገር እውነት አደረግኩላቸው። እትዬ ጌጤ ሲሞክሩት፣ «ከስንት ጊዜ በኋላ ማሽን ሆነ እባክህ! ያኔ ምን ነክቶህ ነበር?» አሉኝ። ጋሽ ዘለቀ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ፣ ስለ ሥራዬ አንድ ቃል ቢነገረኝ ሁለት የምመልስ ልጅ፣ ሽቦው ላልቶ ነበር ብዬ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ።

ክረምቱ ወጥቶ መስኩ አደይ እንደለበሰ አንድ አመሻሽ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። እትዬ ጌጤ ማዳመጫቸውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ጫኑት። ጋሽ ዘለቀ ያዩዋቸዋል። ከዚያ የባላቸውን ጉልበት ያዙና በከንፈራቸው ብቻ፣ «አሰፋ ዘለቀ። ከነአያቱ ስም ጠሩት። ተማርኳል፤ በሕይወት አለ» አሉ። ለቅሷቸው ሲመጣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱት፤ አልበቃም። ጋሽ ዘለቀ ተነሥተው በዚያ ጭላንጭል ጉድጓዳቸው ውስጥ ገቡና መሸመን ጀመሩ። ክሩ አይታያቸውም። ግን የመወርወሪያው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ከግድግዳው ወዲያም የተሰማው እሱ ብቻ ነው።

አሰፋ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ተመለሰ። አባቱ ግን አልደረሱበትም፤ ቁስቋም ማርያም ቀብረናቸው ነበር። እትዬ ጌጤ ልጃቸውን ይዘው ሱቄ ድረስ መጡና፣ «ይሄ ነው ያ ማሽኑ አልሠራለት ያለው ልጅ» ብለው ለአሰፋ አስተዋወቁኝ። አዎ እኔ ነኝ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ። ሌላው አይጠገንም ብሎ የጣለውን ጠግኛለሁ። የደብሩን ድምፅ ማጉያ ከእምምታው ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። በዚሁ መበየጃ ልጆቼን አሳድጌ ድሬያለሁ። ዛሬ የራሳቸው ሱቅ ያላቸውን ወጣቶች ያለ ዲፕሎማ አስተምሬያለሁ። እንደዚያ ወጣት የአንዱ ጆሮ ድምፅ አነሰብኝ ብሎ የሚመጣን ሰው ሁሉ ደግሞ፣ ዕቃውን ከመክፈቴ በፊት ማዳመጫውን አገላብጦ እንዲያደርገው እጠይቀዋለሁ። ድካሙ ከሰውየው ጆሮ ሲሆን፣ ዕቃው ነው እለዋለሁ፤ ከዚያም ለዚያኛው ጆሮ ጨመር አድርጌ እሰጠዋለሁ።