የዌንደል የብቻ ዙር

ማርላ ሁበር ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ነርስ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ገና በልጅነቷ፣ ኦሃዮ ገጠር ውስጥ፣ አባቷ በበቆሎው ማሳ ትራክተር ሲነዳ ከጎኑ ተቀምጣ «አባዬ፣ ወደ ቀኝ ያዝ አድርገው» እያለች ታዘው ነበር አሉ። ሰው ሲያስነጥስ መሀረብ ታቀብላለች። ሱቅ ውስጥ ከፊቷ የተሰለፈው ሰው ሳንቲም ሲጠፋው ከሱ ቀድማ የራሷን ቦርሳ ትበረብራለች። እንዲህ ያለችን ሴት የቆመ መኪና ውስጥ አስቀምጦ «እንዳትወርጂ» ማለት ቅጣት ነው። ባሏ ዌንደል ግን አስቀመጣት፤ ያውም ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሎምበስ ያለ አንድ ሆስፒታል ማርላን በኃላፊነት ቀጠራትና ባልና ሚስቱ ከነበሩበት ከተማ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊመጡ ሆነ። ዌንደል የሚሠራው መነጽር ቤት ስለሆነ ለሥራ አልተጨነቀም፤ ዓይኑ የሚደክም ሰው የሌለበት አገር የለም። ያስጨነቃቸው ቤቱ ነበር። ቤት ስል ጣሪያና ግድግዳውን አይደለም፣ ጎረቤቱን ነው። ማርላ ነጭ ናት፣ ዌንደል ጥቁር ነው። ከአሥር ዓመት በላይ በትዳር ሲኖሩ የትኛው ሰፈር ከልቡ ሰላም እንደሚል፣ የትኛው ጥርሱን ብቻ እንደሚያሳይ ቀምሰው አይተውታል።

ዌንደል ድሮ ራት ከበላ በኋላ ሰፈሩን አንድ ጊዜ በእግሩ ሳይዞር አይተኛም ነበር። ሲወጣ ፊቱ ላይ የሥራው ድካም አለ፤ ሲመለስ እያፏጨ ነው። ማርላ ፉጨቱን ገና በሩ ሳይከፈት ትሰማውና ደስ ይላት ነበር። ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ገና ዓይን ሳይዝ፣ የገዛ አጥሩን ተደግፎ የጫማውን ክር ሲያስር አንዲት አዲስ ጎረቤት ፖሊስ ጠራችበት። ፖሊሶቹ ክፉ ቃል አልተናገሩም። ብቻ ማርላ በነጠላ ጫማ ሮጣ ወጥታ «ከኔ ጋር ነው» እስክትላቸው ድረስ ዌንደል ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ በገዛ ደጁ።

«ከኔ ጋር ነው» ማርላ ስትለው የኖረችው ነገር ነው። ሆቴል በር ላይ ብላዋለች፣ መዋኛ ቦታ ብላዋለች፣ የአክስቷ ልጅ ሰርግ ላይ ሳይቀር ብላዋለች። ያን ቀን ግን ከአፏ ሲወጣ መረራት። ከዚያ ወዲህ ዌንደል ብቻውን አልዞረም። አንዴ «ደክሞኛል» ይላል፣ አንዴ «ነገ» ይላል። ራቱን በልቶ ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ እስከ መደርደሪያው ይመላለሳል። ፉጨት የለም። ማርላ እንዳላየች ሆና ሳህን ታጥባለች።

እናም የቤት ደላላዋን ጆይስን መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለ ሰፈር ሰው ነበር። «እንደኛ ያለ ባልና ሚስት አለበት? እንዴት ነው የሚያዩት?»

ጆይስ ከጥርሷ ሳቅ የማይጠፋ ሴት ናት። «ማርልዬ፣ እሱን ለመናገር ሕጉ አይፈቅድልኝም። ሰፈር በሰው ዓይነት መምረጥ ክልክል ነው። ይልቅ መታጠቢያ ቤቱ ስንት እንደሆነ ጠይቂኝ።»

«መታጠቢያ ቤት ሰላም አይለኝ» አለች ማርላ።

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን የሥራ ፈቃዴን ይቀሙኛል።»

ይኼኔ ነው ዌንደል ያንን ዘዴ ያመጣው። ቤቱን ከማየታችን በፊት፣ አለ፣ እኔ ብቻዬን ሰፈሩን አንድ ዙር እዞራለሁ፣ አንቺ መኪና ውስጥ ትጠብቂኛለሽ።

«ለምን አብረን አንዞርም?»

«ካንቺ ጋር ስሆን እንዴት እንደሚያዩኝ አውቀዋለሁ። አንቺ የይለፍ ወረቀቴ ነሽ። እኔ ማየት የምፈልገው ወረቀቱን ቤት ረስቼ ስወጣ ነው።»

«እሺ፣ ቢያንስ ያቺን የኮሌጅ ሹራብህን ልበሳት» አለች ማርላ።

ሰው እንዳይፈራው ብሎ የሚለብሳት ሹራብ ናት፤ ደረቷ ላይ የተማረበት ኮሌጅ ስም በትልቁ ተጽፎባታል። «አልለብስም» አለ ዌንደል። «እዛ ስንኖር በኦሃዮ የሐምሌ ሙቀትም እሷን ለብሼ ልዞር ነው?»

የመጀመሪያው ሰፈር ቆንጆ ነበር። ሣሩ አንድ በአንድ በመቀስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ዌንደል ግን ዙሩን ሳይጨርስ ተመለሰና ቀበቶውን አሰረ። አንድ ሰው መኪናውን ሲያጥብ ውኃውን ዘግቶ «ምን ልርዳዎት?» ብሎታል። ይቺ ነገር ሱቅ ውስጥ ከተባለች ደግ ናት። መንገድ ላይ፣ ምንም ላልጠየቀ ሰው ስትባል ግን «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ማለት ናት። የዚህ አገር ሰው ጨዋ ነዋ፣ ሂድልኝ አይልም።

«ምን አልከው?» አለች ማርላ።

«ጎማው ላይ ሳሙና ቀርቷል አልኩት።»

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ በሌላ ሰፈር፣ አንዲት ሴት ከቤቷ እየሮጠች ወጥታ የሎሚ ጭማቂ አስጨበጠችው። ሰፈራችን የጎደለው እንዳንተ ያለ ሰው ነበር ብላ፣ ባሏን ጠርታ፣ የባሏን ወንድም ጠርታ፣ አብረውት ፎቶ ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። ዌንደል ሲመለስ አልቦታል።

«ወደዱህ እኮ» አለች ማርላ፣ ልትስቅ ፈልጋ።

«በጣም ወደዱኝ። ደስታቸው አደከመኝ። በየቀኑ እንዲህ ደስ የሚላቸው ከሆነ እኔ መቼ ነው ቆሻሻዬን የማወጣው?» አለና ወንበሩን ወደኋላ ለቆ ዓይኑን ጨፈነ። ማርላ ሳቋ ጠፋ። ይሄ ሰውዬ በቃኝ፣ የትም ይሁን ብሎ ተስፋ ቆርጦ ቀሪ ዘመኑን ሳሎን ውስጥ ሲመላለስ ታያት።

ሦስተኛው ሰፈር ሃርሞን ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ጠዋትም አላባራም። ቤቶቹ ከበፊቶቹ ጋር ሲተያዩ ምንም አይደሉም። አንዱ ግቢ ውስጥ ሸራ የለበሰ ጀልባ ቆሟል፣ ሌላው ጋ የቅርጫት ኳስ ቀለበት ተንጋዶ ለመውደቅ ያስባል። ዌንደል ቡናማ ጃኬቱን ቆልፎ ወጣ። ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶት እንደሄደ ማርላ ያየችው ቢጫው ቤት ጋ ታጥፎ ከዓይኗ ከተሰወረ በኋላ ነው።

ጠበቀች። መጥረጊያው መስታወቱን እየጠረገ፣ እሷ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። ዙሩ አልቆ መምጣት ነበረበት። አልመጣም። የሆነ ቦታ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ታያት፤ አሁን ደግሞ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ የምትሮጥለት ሴት አጠገቡ የለችም። መኪናውን አስነስታ ትንሽ ተንፏቀቀችና ቆመች። አንገቷን አስግጋ በየቤቱ መስኮት፣ በየበሩ አየች። ደግሞ ተንፏቀቀች፣ ደግሞ ቆመች። ውረጂ ውረጂ አላት፤ «እንዳትወርጂ» ብሏት ነበር።

መስኮቷ ተንኳኳ።

የቤዝቦል ኮፍያ ያደረገ፣ ጉንጩ ከብርድ የቀላ ነጭ ሽማግሌ ነው። የዝናብ ልብስ የለበሰች ትንሽ ውሻ ይዟል። ማርላ መስታወቱን አወረደች።

«ምን ልርዳዎት?» አለ ሰውየው።

ማርላ አርባ ዓመት አልፏታል፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜዋ መንገድ ላይ እንዲህ ያላት ሰው የለም። «ምንም... ዝም ብዬ ነው» አለች፤ አባባሏ ለራሷም ጆሮ የሌባ ሆነባት። ሁለት እጇ መሪው ላይ፣ ከላይ፣ በግልጽ በሚታይ ቦታ ተቀምጦ አገኘችው። ማን እንዳስቀመጠው አታውቅም፤ ዌንደል ፖሊስ ሲያስቆመው የሚያስቀምጠው እንደዚያ ነው።

«ቆየት ብለዋል» አለ ሰውየው። «ሄድ ይላሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ቤት ቤቱን ያያሉ። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ዕቃ እየጠፋብን ነው። የሚወስደው ሰው እንደዚህ ግራጫ መኪና አለው ይባላል።»

«ባሌን እየጠበቅኩ ነው።»

«ባልዎ ምን ይመስላሉ?»

«ረጅም ነው። መነጽር ያደርጋል። ቡናማ ጃኬት...» የቀረውን ልትጨምር አፏን ከፍታ ዘጋችው።

የሰውየው ፊት በአንዴ ፈታ አለ። «እትዬ በርናዲን ጋ ካርቶን የሚያመላልሰው? ምነው ታዲያ እንደሱ አትይም! ነይ ውረጂ። ስታን እባላለሁ። ውሻዋን ተያት፣ ጭቃ ታስነካሽ ይሆናል እንጂ አትነክስም።»

«እርስዎ» የነበረችው ማርላ በአንድ ጊዜ «አንቺ» ሆነች። ግን እሱን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ ከመኪናው ወርዳ በዝናቡ ውስጥ ከስታን ፊት ፊት ትሮጥ ነበር። ቢጫው ቤት ጋ ታጥፋ አንዱ በረንዳ ላይ የዌንደል ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጦ አየች። ካልሲው እንኳ ተጠቅልሎ ውስጡ ገብቷል። ሰው ሊጣላው የያዘው ሰው ካልሲውን አይጠቀልልም። ነፍሷ መለስ አለች።

ከስታን ጋር ገብታ ስታይ ምድር ቤቱን ውኃ ሞልቶታል። ውኃ የሚስበው ፓምፕ ሌሊቱን ተበላሽቶ፣ የወይዘሮ በርናዲን የገና ዕቃ ተንሳፍፏል። ዌንደል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በሁለት ብብቱ ሁለት የፕላስቲክ በግ ይዞ ውኃው መሀል ቆሟል፤ በገና ሰሞን ግቢ ውስጥ ከሕፃኑ ኢየሱስ ግርግም ጎን የሚቆሙት በጎች ናቸው። ወይዘሮ በርናዲን፣ ሰማንያ ያለፋቸው አጭር ሴትዮ፣ ደረጃው ላይ በጎማ ቦት ጫማ ቆመው ያዛሉ።

«ልጄ፣ ዮሴፍን አስቀድምልኝ፣ ቀለሙ ይለቃል።»

«እሺ እማማ።»

ስታን በአገጩ ማርላን ለዌንደል አሳየው። «ይቺ ሴትዮ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ቤታችንን ስትሰልል አገኘኋት። ባሌን እየጠበቅኩ ነው ትላለች። ታውቃታለህ?»

ዌንደል ቀና ብሎ አያት። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «ከኔ ጋር ናት።»

ከዚያ በጎቹን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ሁለት ዓመት አልፏታል። መነጽሩን አውልቆ፣ ሆዱን ይዞ፣ ድምፁ ምድር ቤቱን እስኪሞላው ሳቀ። ማርላም አብራው መሳቅ ጀመረች፤ መሀል ላይ ሳቁ አመለጣትና ልቅሶ ሆነ።

«ምነው ልጄ?» አሉ ወይዘሮ በርናዲን። «ውኃ እኮ ነው፣ ይደርቃል። ይልቅ ዝም ብለሽ ከምትቆሚ ያንን ግመል አንሺልኝ።»

አነሳች። ስታንም ኮፍያውን ወደኋላ ገፍቶ ካርቶን ያዘ። «ሚስቴማ ፖሊስ ልጥራ ብላ ስልኩን አንስታ ነበር» አለ። «ቆይ መጀመሪያ ልጠይቃት አልኳት።»

ዌንደል ሳቁን አቆመ። «ስለጠየቅካት አመሰግናለሁ» አለው፤ ከልቡ ነበር። ስታን ግን ለዚች ምን ምስጋና ያስፈልጋታል በሚል ዓይነት ትከሻውን ሰበቀ።

ኋላ ማርላ እንዴት እዚያ እንደገባ ስትጠይቀው ዌንደል እንዲህ ብሎ ነገራት፦ «በሩን ከፍተው "አንተ ረጅሙ፣ ጀርባህ ደህና ነው?" አሉኝ። አዎ ስላቸው "እንግዲያው ጫማህን አውልቅና ና" አሉኝ። ስሜን የጠየቁኝ ካርቶኑን አጋምሼ ነው።»

ሊወጡ ሲሉ ወይዘሮ በርናዲን ከማቀዝቀዣው በፎይል የተሸፈነ፣ በምድጃ የተጋገረ ዶሮና ድንች ያለበት ሳህን አውጥተው አስያዟቸው። «ሳህኗን መልሱልኝ። ስሜ ከሥሯ ተለጥፏል።»

«እኛ እኮ የዚህ ሰፈር ሰዎች አይደለንም» አለች ማርላ።

«ታዲያ እንዴት አድርጋችሁ ልትመልሱልኝ ነው?» አሉ ሴትዮዋ፣ ትንሽ ተቆጥተው፣ በሩንም ዘጉት።

መኪናው ውስጥ ሁለቱም ውኃ ውኃ ሸተዋል። ማርላ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አቅፋዋለች። ዌንደል ሞተሩን አስነሳና ሳያያት «ጆይስ ጋ ደውዪላት» አለ። «መታጠቢያ ቤቱ ስንትም ይሁን።»

ሃርሞን ቤት ገዝተው ገቡ፤ ገነት ነው አልላችሁም። ከጀልባው ቤት ማዶ አንድ ሰው አለ፣ ዌንደል በሚያልፍበት ሰዓት ሁልጊዜ የሆነ ነገር ከመሬት ለማንሳት የሚያጎነብስ። ያጎንብስ። ሌላው ሰው ግን ያስቸግራል። አንዱ መሰላል ያዝልኝ ይላል፣ ስታን ስለ ዝናቡና ስለ ኳሱ ይዞ ያቆመዋል፣ ወይዘሮ በርናዲን በመስኮት ያዝዙታል። የድሮው አጭር ዙር አሁን ሰዓት ይፈጃል።

ማርላ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጋረጃውን ገልጣ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ትጠብቀው ነበር። በሐምሌ አንድ ቀን ግን ከሥራ ደክማ ገባች፤ ራት ተበላ፣ ዌንደል በከነቴራ ብቻ ወጣ። እሷ ጋደም ልበል ብላ ሶፋው ላይ እግሯን ዘረጋች። ዌንደል እያፏጨ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ የልማዱን ያህል ጠበቀ፣ መጥታ የምትከፍትለት መስሎት። ራሱ ከፍቶ ሲገባ ጫማዋ መሬት ላይ ወድቋል፣ ማርላም አፏን ከፍታ እንቅልፏን ትለጥጠዋለች። አልቀሰቀሳትም።