ደፉ ላይ የተጋደመው በትር

ጎረቤቴ ግቢያችን ውስጥ የዳማከሴ ቅጠል እየጨመቀች ነው። «ሕፃኑን ምች መትቶት ነው» ትለኛለች። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ባሏ ሲጮህባት እሰማለሁ። ምች አይደለም።

ይህ የዳማከሴ ሽታ በልጅነቴ ቤታችንን ሞልቶት ነበር። አባቴ ሥራውን ካጣ ወዲህ ያለ ጩኸት አያወራም ነበር። እናቴ አራስ ነበረች፤ ጡቷ ደረቀ። ትንሿ እህቴ ትስባለች፣ ታጣለች፣ ታለቅሳለች። ዳማከሴው ምንም አልፈየደም።

አንድ ቀን የአባቴ ታላቅ እህት ከቱላ መጡ። ባለትዳር የሲዳማ ሴቶች የሚይዙትን ቀጭን በትር ይዘዋል። እናቴን አየት አደረጉና በትሩን የበሩ ደፍ ላይ አጋደሙት። የሴት በትር ደግሞ በሲዳማ ወግ ወንድ አይሻገረውም።

አባቴ ከውጭ ሲመለስ ደጅ ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ ያንሱልኝ እንጂ! ዝናቡን አያዩም?»

«አያለሁ። ጫማህን የት ነው የምታወልቀው?»

«በር ላይ ነዋ!»

«ጩኸትህንም እዚያው አውልቅ። ይህች ልጅ የምትጠባው እሱን ነው።»

«በገዛ ቤቴ?»

«በገዛ ቤትህ! እሷንስ በገዛ ቤቷ አይደል ያደረቅሃት?»

አባቴ ዝናብ እየመታው ደጅ ላይ ቆመ። ቤቱም ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ እህቴ የእናቴን ወተት ስትውጥ ሰማሁ፤ ጉሮሮዋ ጉርት ጉርት ይል ነበር።

አክስቴ በማግስቱ ሄዱ። ጩኸቱ ተመለሰ።

አሁን የጎረቤቴ ባል ገብቷል፤ ከግድግዳው ማዶ ጀምሯል። እኔ በትር የለኝም። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ሲከፍተው አልገባሁም፤ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ።