የአትጠገብ ሀርድቶፕ

«ከጥገና በላይ ናት» አለ የኢንሹራንሱ ሰው።

ታሪኩ ይባላል። ከሐዋሳ ተልኮ የመጣ፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ተጠንቅቆ የሚራመድ ወጣት ነው። ዲላ፣ ነዚፍ ጋራዥ ግቢ ውስጥ የቆመችውን አረንጓዴ ላንድክሩዘር ሀርድቶፕ ሁለት ጊዜ ዞራት። በርከክ ብሎ ከሥር አየ፤ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ሦስተኛ ዙር አላስፈለገውም።

አትጠገብ ግራ ክንዷን በነጠላ ከአንገቷ ጋር አስራ ከአጠገቡ ቆማለች። ቃሉን እንዲደግምላት አልጠየቀችም። በዚች መኪና ላይ ያልተጠገነ ነገር የለም። ሞተሯ ሁለት ጊዜ ወርዶ ተሠርቷል። የኋላ በሯ ቡሌ መንገድ ላይ ተገንጥሎ፣ በሽቦ ታስሮ ዲላ ገብቷል። ከጥገና በላይ የሚባል ነገር ግን ሰምታ አታውቅም።

«መኪናዋን የሚሸከመው ሻንሲ ተጣሟል» አለ ታሪኩ። «ጠቅላላ ጉዳት ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው። ግምቷን እንከፍልዎታለን፤ ስብርባሪውን እኛ እንረከባለን።»

«ተረክባችሁ የት ታደርጓታላችሁ?»

«ጨረታ ትወጣለች።»

ነዚፍ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ጋራዡን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው፤ አባቱም እሱም የዚችን መኪና ሆድ ያውቁታል። «ጨረታ ማለት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ማለት ነው፣ እትዬ» አላት። «ሞተሯ አንድ ሱቅ ይገባል፣ በሯ ሌላ ሱቅ ይሰቀላል።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ዝም ብዬ ነው።»

ታሪኩ ፎቶዎቹን እያገላበጠ፣ «የገጨዎት ሾፌር ላይ ክስ ተመሥርቷል?» አለ።

«የምን ክስ? ታርቀናል» አለች አትጠገብ። አነጋገሯ ኩራት ነበረበት። ነገሩን ያፋጥንልኛል ብላ ነው የነገረችው።

ታሪኩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ይሄንን ባይነግሩኝ ይሻል ነበር» አለ።

ከዲላ እስከ ወናጎ «አትጠገብ» ቢባል የሚያውቃት ጥቂት ነው። «ባለሀርድቶፗ» ከተባለ ግን ቤቷን የማያሳይ የለም። ድሮ የአንድ የውሃ ፕሮጀክት ምግብ አብሳይ ነበረች። ገብረኪዳን የሚባል የፕሮጀክቱ ሾፌር፣ ከምሳ በኋላ ሥራ ሲፈታ፣ ለቀልድ ብሎ ኳስ ሜዳ ላይ መሪ አስያዛት። ቀልዱ መንጃ ፈቃድ እስክታወጣ ዘለቀ። ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ንብረቱ ሲሸጥ፣ ከሴቶች የቁጠባ ማኅበር ተበድራ ይቺን መኪና ልትገዛ ጨረታው ውስጥ ገባች። አዳራሹ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሴት የነበረችው ሻይ የምታድለው ብቻ ናት። ባሏ ደጀኔ «ወይ እኔ ወይ መኪናዋ» አለ። እሱ ሄደ፤ መኪናዋ ቀረች።

ልጇን ሳሮንን ያሳደገችውም ያስተማረችውም በዚች መኪና ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከአሪቻ ገበሬዎች ደጅ እሸት ቡና ጭና ማጠቢያ ጣቢያ ታደርሳለች። እሸት ቡና ካደረ ይበላሻል፤ ስለዚህ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው አትልም። ቡናው ሲያልቅ ሰው ትጭናለች፣ ቆጮ ትጭናለች፣ ሙሽራ ትጭናለች። ሬሳ ስትጭን ሒሳብ አትቀበልም። ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ካለች መዝሙር ትጀምራለች፤ መዝሙሩ ለሴትየዋ ይሁን ለመኪናዋ እሷም አታውቀውም። የኋላ ወንበሯ ላይ የተወለደ አንድ ልጅ ዛሬ ወናጎ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል።

የተገጨችው በዲላና በወናጎ መሃል፣ ጪጩ ላይ፣ ገበያ በዋለበት ቀን ነው። ዝናብ ነበር። ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ኩርባው ላይ ፍሬን ያዘ፤ አልያዘለትም። ከጎኗ ገብቶ ቦይ ውስጥ ከተታት። ራሷን ስታውቅ የሰማችው የገዛ ድምፅዋን ነው፤ «ሞተሯን አጥፉት፣ ሞተሯን አጥፉት» ትላለች። የአይሱዙው ሾፌር ዝናቡ ውስጥ ቆሞ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል።

ሾፌሩ ሲላስ ነው። አባቱ ደበበ የጪጩ ገበሬ ነው፤ አይሱዙውን የገዛለት ከብቶቹን ሽጦ፣ ዘመድ አስቸግሮ ነው። የአይሱዙው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ጊዜው አልፎ ሳይታደስ ቀርቷል። አትጠገብ ብትከሰው አይሱዙው ይሸጣል። ስለዚህ ደበበ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ እርጥብ ሣር ይዘው ወናጎ ድረስ ሄደው ደጇ ላይ ቆሙ። ቀጥሎ ሶንጎው ላይ፣ ሽማግሌ ለዳኝነት በሚቀመጥበት ዛፍ ሥር፣ ሲላስ ጉልበቷን ይዞ «አጥፍቻለሁ» አለ።

«ተነስ» አለችው። «የእኔ መኪና ኢንሹራንስ አላት። ምን ቆርጦኝ የአባትህን ቤት አፈርሳለሁ? ከአንተ የምፈልገው የለኝም።»

ይህን የተናገረችው በሰው ሁሉ ፊት ነው። ቆጮና ጎመን ቀርቦ ከአንድ ሳህን በሉ። ከታረቁት ሰው ጋር አብሮ በልቶ፣ ዞሮ መክሰስ እዚያ አገር አይደረግም። ያደረገ ሰው ለቅሶ ቤት ብቻውን ይቀመጣል።

ታሪኩ ጋራዡ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጧት አስረዳት። ሰውየው ክፉ አይደለም። ኢንሹራንሱ ለእሷ ከከፈለ በኋላ፣ ዞሮ ገንዘቡን ከገጪው ይጠይቃል። እሷ «የምፈልገው የለኝም» ካለች ግን የኢንሹራንሱንም የመጠየቅ መብት አብራ ጣለችው።

«እኔ የማርኩት የራሴን ነው። የእናንተን አልማርኩም።»

«የእርስዎ ከሌለ የእኛም የለም፣ እናቴ። ውሉ እንደዚያ ነው።»

«እና አሁን ምን ይሁን ነው የምትለኝ?»

«ፖሊስ ጋ ሄደው ዕርቁን አልተቀበልኩም፣ እከሳለሁ ይበሉ። እኛ ጠበቃ እናቆማለን፤ ክፍያዎም ይወጣል።»

«ካልሄድኩስ?»

«ፋይሉ ይዘጋል። ክፍያ የለም። መኪናዋም እዚሁ ትቀራለች።»

አትጠገብ ከሰማችው ሁሉ የመጨረሻውን ያዘች። መኪናዋም እዚሁ ትቀራለች።

ሳሮን ዲላ ውስጥ አስተማሪ ናት። ነገሩን ከነዚፍ ሰምታ ቅዳሜ ወናጎ ሄደች፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«እማ፣ ክሱን ክሰሺ። ሌላ መኪና ትገዢበታለሽ።»

«በልቻለሁ ከሰዎቹ ጋ።»

«ቆጮ ነው የበላሽው፣ ቃል ኪዳን አይደለም።»

«አንቺ ከተሜ ሆነሻል።»

«የእኔ ከተሜነት ይቆይ፤ አንቺ ከነገ ወዲያ ምን ልትበዪ ነው? በአንድ ክንድሽ እንሰት ልትፍቂ ነው?»

የቡናው ወራት እየደረሰ ነው፤ የአሪቻ ሰዎች ከአሁኑ እየደወሉ ነው። «ተሠርታለች?» ይላሉ። «እየተሠራች ነው» ትላለች አትጠገብ።

ሳሮን ቁጭ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪኝ። የማትከሺው ስለ ልጁ ነው ወይስ መኪናዋን እንዳይወስዷት ነው?»

አትጠገብ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። እንሰቱ መሃል ቆመች። ጥያቄው ታሪኩ ከተናገረበት ሰዓት ጀምሮ አብሯት ነው የሚውለው፤ ልጇ በአፏ አወጣችው እንጂ አዲስ አይደለም። መኪናዋ ብትጠገን ኖሮ፣ ኢንሹራንሱም «ሠርተን እንመልስልሻለን፣ ልጁን ግን ክሰሺው» ቢል ኖሮ ምን ትል ነበር? እምቢ እል ነበር ለማለት ሞከረች። አልወጣላትም።

ሰኞ ለታሪኩ ደወለች። «አልከስም» አለችው።

«እርግጠኛ ነዎት? ከተዘጋ አይከፈትም።»

«ዝጋው።»

ወሬው ወዲያው ጪጩ ደረሰ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ደበበ መንገድ ላይ ጠብቆ ቀኝ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ቃልሽን ጠበቅሽልን፣ እህቴ» አለ። ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አትጠገብ መሬት መሬት አየች። ምስጋናው የሰው ልብስ እንደ መልበስ ሆነባት፤ አውልቃ የምትመልስበት ቦታ ግን አልነበረም።

ነዚፍ የሚቻለውን አደረገ። ሻንሲው በእሱ ጋራዥ የሚቃና አልነበረም፤ የሌላ ሀርድቶፕ ሻንሲ ካልተገኘ በቀር ተስፋ የለውም። ጎማዎቿ እንዲዞሩ፣ መሪዋ እንዲታዘዝ፣ ፍሬኗ እንዲይዝ ብቻ አድርጎ «ግቢዬን ልቀቂልኝ እንጂ እትዬ፣ ባጃጅ ማቆሚያ አጣሁ» አላት። ዓይኑን ግን አላሳያትም።

የሚጎትታት መኪና ሲፈለግ ሲላስ አይሱዙውን ይዞ መጣ። ማንም አልጠራውም።

«እኔ ወናጎ አደርሳታለሁ፣ እትዬ።»

«ፍሬንህ ተሠርቷል?»

«ተሠርቷል።»

«ማን አየው?»

ሲላስ ወደ ነዚፍ አየ። ነዚፍ «እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ። «በነፃ አይደለም ደግሞ።»

ገመዱ ታሰረ። የምትጎተት መኪና መሪ የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች፤ ነዚፍ እገባለሁ አለ፣ አትጠገብ ከለከለችው። በሯ ስለማይከፈት በጋቢናው ሌላ በር ገብታ ተንፏቅቃ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። በአንድ እጇ መሪዋን ያዘች። ሞተሩ ዝም ብሏል። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ተቀምጣባት አታውቅም።

ከዲላ ወጡ። መንገድ ላይ ያለው ሰው እጁን አነሳላት፤ አንዳንዱ ተሠርታ የወጣች መስሎት ነው። ጪጩ ሲደርሱ ኩርባው ላይ ሲላስ በጣም ዝግ አለ። ቦይው ውስጥ የተሰበረው መስታወት አሁንም አለ።

ቁልቁለቱ ላይ ገመዱ ረገበ። ሀርድቶፗ በራሷ ክብደት ወደ አይሱዙው ጀርባ መንሸራተት ጀመረች። አትጠገብ ፍሬኑን ረገጠች፤ ያዘ። ሲላስ በመስታወቱ ሲያያት አየችው፤ እንዲሄድ በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠችው።

ወናጎ ግቢዋ ሲገቡ ሲላስ ገመዱን ፈትቶ እየጠቀለለ ቆየ። «ክንድዎ ሲድን» አለ፣ «ለቡናው አይሱዙውን እርስዎ ይንዱት። አባቴም ብሏል።»

አትጠገብ ከመኪናዋ አልወረደችም።

«አይሱዙ አሪቻ ላይኛው መንደር አይወጣም» አለችው።

«እስከሚወጣበት ድረስ።»

የአሪቻ ሰዎች ነገ ይደውላሉ። ከእንግዲህ «እየተሠራች ነው» ማለት አይቻልም።

«ጠዋት አምጣው፤ ክንዴ እስኪድን አንተ ትነዳለህ» አለች። «መጀመሪያ ሦስተኛ ወገኑን አሳድሰህ።»